አብዱልሃዲ በአራተኛው እስር ቤት

አብዱልሃዲ ቲጃኒ በሦስት አገር ታስሯል። አራተኛው እስር ቤት ግን በየጠዋቱ በገዛ ፈቃዱ የሚገባበት ነው፤ ማታ ዘበኞቹ «ደህና እደር መምህር» ብለው በሩን ይከፍቱለታል። እዚህ ጅማ፣ ጅሬን ሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም። እንዴት እንደሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱን እየጨመረ ነው የሚያወራው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ፤ ከራሱና ከእናቱ ከአዴ ከድጃ የሰማሁትን፣ የመጨረሻውን ደግሞ በዓይኔ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

አባቱ ሂርማታ ገበያ ልብስ ሲሰፉ ኖረው ያለፉ ሰው ናቸው። አብዱልሃዲ በሒሳብ ተመርቆ ሸቤ ተመደበና ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር ጀመር። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ ያስተማራቸው ልጆች እስካሁን መንገድ ላይ ያስቆሙታል። ደመወዙ ግን ከቤት ኪራይና ከሽሮ አላልፍ አለው። አብረውት የተማሩት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ገብተው፣ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው የተነሱትን ፎቶ ይልኩለታል። አንድ ክረምት ለእናቱ አዲስ አበባ ሥልጠና አለብኝ አላቸውና ከአንድ ደላላ ጋር በሞያሌ በኩል ወጣ። አዴ ከድጃ ልጃቸው አገር መልቀቁን የሰሙት እሱ ታንዛኒያ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ነው።

ኬንያን በጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቀው አልፈው ነበር። ታንዛኒያ ላይ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ሸራውን ሲገልጥ ሁሉም ተያዙ። ዳኛው ያለ ፈቃድ አገር በመግባት ፈረደባቸውና ሰፊ እርሻ ያለው እስር ቤት ገቡ። እዚያ እስረኛ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፣ በቆሎ ይኮተኩታል፣ ከብት ያግዳል፣ ማታ ደክሞት ይተኛል። አብዱልሃዲ ከጠመኔ በቀር ምንም ይዞ አያውቅም ነበርና መዳፉ መጀመሪያ ቆሰለ፣ ከዚያ ደደረ። ምግቡ ይበቃ ነበር፤ የመታውም ሰው የለም። ግን አንድም ቀን ሥራህ ምን ነበር፣ ስትወጣ ምን ትሆናለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። «እዚያ የእስሩ ዓላማ በቆሎ ነው» ይላል ዛሬ ሲያወራው። «በቆሎው ደግሞ ደህና አድርጎ ያፈራ ነበር።»

ፍርዱን ሲጨርስ ደላላው ሌላ መኪና አዘጋጀለትና ወደ ደቡብ ቀጠለ። ማላዊ ላይ እንደገና ተያዘ። የማላዊው እስር ቤት ጠባብ ነበር። ክፍሉ ሞልቶ ሰው በጀርባው መተኛት አይችልም፤ ሁሉም በአንድ ጎን ይተኛና አንዱ ሲጣራ አብረው ይገላበጣሉ። ጠባቂዎቹ ክፉ አልነበሩም። አንዳንዱ እንዲያውም የራሱን ምሳ ያካፍላል። ነገር ግን ከእነሱ የሚጠበቀው በሩ ተዘግቶ እንዲያድር ብቻ ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፈው የሚያስብበት የለም። አብሮት የታሰረ አንድ የሆሳዕና ልጅ እዚያ በወባ ሞተ። በሃይማኖት ባይገናኙም አብዱልሃዲ ሬሳውን አጠበው፤ ሌሎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ሲያነቡ እሱ ዱዓ አደረገ። ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ የሚባል ነገር ከልቡ ወጣ። ሲፈታ ወደ ሰሜን በሚመለስ መኪና ተሳፈረ።

አገሩ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ኬንያ ላይ ደግሞ ያዙት።

ሦስተኛውን እስር ሲጀምር ተስፋውን ቆርጦ ነበር። ይሁንና በገባ በጥቂት ቀን፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ፍለጋ ሲዞር፣ በአንድ ክፍል መስኮት በኩል የትምህርት ድምፅ ሰማ። ቀረብ ብሎ አየ። እስረኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው የቆመው አስተማሪም የእስረኛ ልብስ ነው የለበሰው። ሙቱአ ይባላሉ፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሽማግሌ ናቸው። እዚያው ታስረው ሕግ ተምረዋል፤ ለሌላው እስረኛ ይግባኝ የሚያዘጋጁትም እሳቸው ናቸው። የሒሳብ አስተማሪያቸው በዚያው ሰሞን ተፈትቶ ስለሄደ ክፍሉን ባዶ ላለመተው የሚችሉትን ይሞክራሉ። አብዱልሃዲ በመስኮቱ ሆኖ እጁን አወጣ። ሽማግሌው አይተውት በእንግሊዝኛ መምህር ነህ ወይ አሉት። ነኝ አላቸው። ጠመኔውን ሰጡትና እሳቸው ሄደው ከተማሪዎቹ ጋር ተቀመጡ።

እስሩ እስኪያልቅ እዚያ አስተማረ። ሙዋሊሙ ይሉት ነበር፤ በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ቃሉ በእኛ ሰፈር ቁርዓን የሚያስቀሩትን ከምንጠራበት ከሙዓሊም ጋር አንድ ነውና፣ መጀመሪያ ሲጠሩት የልጅነቱ መድረሳ ትዝ ብሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ቀን ሙቱአን ጠየቃቸው። እርስዎ መቼም ከዚህ አይወጡም፣ ለምን ይደክማሉ አላቸው። ሽማግሌው ሳይቆጡ መለሱለት።

«እኔ አልወጣም። ያስተማርኩት ግን ይወጣል።»

አብዱልሃዲ እስሩን ሲጨርስ በኤምባሲ በኩል ወደ አገሩ ተላከ። ጅሬን ሲደርስ ሰፈሩ መኪናው የት አለ እያለ ሲያሾፍ፣ አዴ ከድጃ አንድም ነገር አልጠየቁትም። እጁን ይዘው መዳፉን እያገላበጡ ዳሰሱት፤ አልሀምዱሊላህ አሉ፣ ከዚያ ምሳ አቀረቡለት። የወንድሞቹ ሚስቶች ሚስት እንፈልግለት ሲሉ እሱ ሥራ ፈልጉልኝ አላቸው። ሥራውን ያገኘው ግን ራሱ ነው። ከጅማ ወደ አሰንዳቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን ባልጠራ ይሻላል፣ ማረሚያ ቤት አለ። ታራሚ እስከ ስምንተኛ ክፍል ይማርበታል። መምህር ይፈልጉ ነበር፤ የሚያመለክት ጠፍቶ ቦታው ክፍት ከርሟል። አብዱልሃዲ ተቀጠረ። ወዲያው ደግሞ አዛዡን ኮማንደር ገበየሁን እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላስተምር ብሎ ጠየቃቸው።

ኮማንደር ገበየሁ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እዚያው ያገለገሉ፣ ጥብቅ፣ ግን ፍትሐዊ የሚባሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ቦታውን ወህኒ ቤት ተብሎ ሲጠራ እንደሚያውቁት፣ በር ላይ ማረሚያ ተብሎ ሲጻፍም ቆመው እንዳዩ፣ ታፔላ መቀየር የአንድ ቀን ሥራ እንደሆነ ነገሩት።

«ለመሆኑ ይሄ ሁሉ አገር የታሰርከው፣ የትኛው ነው ልክ?» አሉት።

አብዱልሃዲ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው። አንዱ እንዳሳረሰው፣ አንዱ እንደቆለፈበት፣ አንዱ ጠመኔ እንደሰጠው። ኬንያም ቢሆን ገነት እንዳልነበረ፣ እዚያም የሚሰቃይ እንደነበረ አልደበቀም።

«ሰው የሞተባቸው እናቶች እዚህ በር ላይ ይመጣሉ» አሉ ኮማንደሩ። «ልጄን የገደለው ተማሪ ሆነ ወይ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ፍርዱን አንድ ቀን አልቀንስለትም ኮማንደር። ፍርዱ የዳኛው ነው። ሲጨርስ ግን ይወጣል። የሚወጣው ደግሞ ማላዊ አይደለም፤ አሰንዳቦ ነው። የእርስዎ ልጆች የሚኖሩበት።»

 በማግስቱ ኮማንደር ገበየሁ አሮጌ አልጋና የተሰበረ ወንበር የታጨቀበትን መጋዘን ባዶ አስደረጉለት።

ክፍል ተገኘ፤ የማጥኛ ሰዓት ግን አልተገኘም። ቀን ታራሚው አትክልት ቦታና ሽመና ላይ ነው፤ ማታ ደግሞ በየመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን ይከፈትና የእንግሊዝ ኳስ ይታያል። በዚያ ጩኸት መሐል ማን ያጠናል? የትልቁ ቤት ካቦ፣ ማለትም ታራሚው ራሱ የመረጣቸው አለቃ፣ ኦቦ አባቦራ ነበሩ። በቡና መሬት ድንበር ተጣልተው ሰው ገድለው የገቡ፣ ፂማቸው የነጣ የገጠር ሰው ናቸው። አብዱልሃዲ በኦሮምኛ ሰላም ብሎ ከጎናቸው ተቀመጠና ችግሩን አስረዳቸው። አባቦራ ፊደል አይቆጥሩም። የሚጠና ነገር ምን እንደሚመስል አሳየኝ አሉት። የሦስት ማዕዘን ሥዕል አሳያቸው። በድንበር ነገር የታሰሩ ናቸውና፣ ይህ መሬት ለመለካት ያገለግላል ወይ ብለው ጠየቁ። ኤዬ፣ ያገለግላል አላቸው። ጣታቸውን በሥዕሉ ጠርዝ ላይ እያስኬዱ አዞሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ ጀመር። ኳስ ወዳዱ ሁሉ አጉረመረመ፤ አባቦራ ግን ጎሉ ነገም ይገባል ብለው ዘጉት።

ከተማሪዎቹ አንዱ ልዑልቃል ይባላል። የአሰንዳቦ ልጅ ነው። ገና አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው በጠጅ ቤት ጠብ የልጅነት ጓደኛውን በጩቤ ወግቶ ገድሏል። ሲታሰር አስራ አንደኛ ክፍል ነበር። ከገባ በኋላ ለዓመታት ከማንም ጋር አያወራም ነበር፤ ጠያቂ ሲመጣለትም አልወጣም ይል ነበር። አብዱልሃዲ ክፍል ሲያስገባው ከኋላ ተቀምጦ ወለሉን ያያል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ጥያቄ ማንም ሳይመልሰው ደወል ተደወለ። ልዑልቃል ተነሳ፣ ጠመኔ አነሳ፣ ሠራውና ወጣ። ሥራው ልክ ነበር። አብዱልሃዲ በማግስቱ የፊት ወንበር ሰጠው።

ነገሩ ከተማ ገባ። የሟቹ እናት ወይዘሮ አልማዝ አሰንዳቦ ገበያ እህል የሚሸጡ ሴት ናቸው። የልጃቸው ገዳይ ለዩኒቨርሲቲ እየተዘጋጀ መሆኑን ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ኮማንደር ገበየሁ ቢሮ ገብተው አቤት አሉ፤ ልጁ ፈተና ከተቀመጠ ከእርስዎ በላይ እስካለው ድረስ ሄጄ እከሳለሁ አሉ። ኮማንደሩ አብዱልሃዲን ጠርተው፣ የፈራሁት ይህን ነበር፣ ሴትዮዋ ከከሰሱ ትምህርቱን እዘጋዋለሁ አሉት።

አብዱልሃዲ በሚቀጥለው የገበያ ቀን አሰንዳቦ ሄደ። ማንንም አማላጅ አልያዘም። ወይዘሮ አልማዝን እህላቸው አጠገብ አገኛቸውና የልጁ አስተማሪ እኔ ነኝ አላቸው። ይቅርታ አድርጉ ለማለት እንዳልመጣ፣ ሊሉት የሚፈልጉት ካለ ለመስማት እንደመጣ ነገራቸው። እሳቸውም ነገሩት። ልጃቸው ምን ይወድ እንደነበር፣ ልዑልቃል ስንቴ እሳቸው ቤት እንደበላ፣ ሁለቱን ባንድ ብርድ ልብስ ስንቴ እንዳስተኟቸው። ሰው እህል ሊገዛ እየመጣ ሲያያቸው ተመልሶ ሄደ። ሲጨርሱ፣ ባህር ማዶ ታስረሃል ይባላል፣ እዚያ ነፍሰ ገዳይን ምን ያደርጉታል ብለው ጠየቁት። ለኮማንደሩ የነገረውን ለእሳቸውም ነገራቸው።

«ታዲያ በየትኛው አገር ነው እናቶቹ የተሻላቸው?» አሉት።

 አብዱልሃዲ ይህን የሚያህል አገር ሲዞር ያ ጥያቄ ወደ አእምሮው መጥቶ አያውቅም ነበር። አላውቅም፣ አልጠየቅኩም አላቸው።  ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሮ ይመልስልኝ ነበር አሉ ወይዘሮ አልማዝ በኋላ ለጎረቤታቸው። አልማዝ ይቅር አላሉም፤ ግን ክሱንም አላቀረቡም። አብዱልሃዲ ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን አሰንዳቦ እየሄደ ይጠይቃቸው ጀመር። ስለ ልዑልቃል እሳቸው ካልጠየቁት አያነሳም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ፈተና ደረሰ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ አብዛኛው ተፈታኝ የወደቀበት ፈተና ነው። ታራሚዎቹ ከዘበኛ ጋር መፈተኛው ቦታ ገብተው ተፈተኑ፤ ከዘበኛ ጋር ተመለሱ። ከዚያ ወራት ጠበቁ። አብዱልሃዲ በዚያ ጊዜ ከሳ፤ አዴ ከድጃ ልጄን አራተኛ እስር ቤት አስገቡት እያሉ ያማርሩ ነበር። አባቦራ ግን ጊዜ አላባከኑም። ቴሌቪዥኑ በተዘጋበት ሰዓት ከልዑልቃል ፊደል ይማሩ ስለነበር ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

ውጤቱ የወጣ ቀን እኔ እዚያች ከተማ ቡና ልገዛ ሄጄ ነበር። ገበያው ሞልቷል። ከማረሚያ ቤቱ በኩል ድንገት ጩኸት ተነሳ። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ በመቶ የሚቆጠር ወንድ ባንዴ ሲጮህ፣ ቆርቆሮ ሲደበደብ፣ በር ሲመታ። ሰዉ እስር ቤቱ ተሰበረ ብሎ ሮጠ። ሱቆች ተዘጉ፤ ባጃጆች ዞሩ። አንዲት ሴት ቲማቲሟን መንገድ ላይ ደፍታ ሄደች። እኔም ጆንያዬን ጥዬ አንድ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ያኔ የማረሚያ ቤቱ በር ተከፈተና ኮማንደር ገበየሁ ወጡ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሰዉን እንዳያስደነግጡ እጃቸውን እያውለበለቡ መጡ።

«ሰላም ነው!» አሉ። «አልፈዋል! ልጆቹ አልፈዋል!»

ሰዉ አልገባውም። እሳቸው ደግመው ደጋግመው ተናገሩ። ለፈተና ከተቀመጡት ታራሚዎች ከግማሽ በላይ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አምጥተዋል፤ ልዑልቃል ከሁሉም ይበልጣል። በአካባቢው አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ጠዋት የታራሚ ስም በሚጠራበት ድምፅ ማጉያ ውጤቱን ራሳቸው ኮማንደሩ አንብበው ነው ያን ሁሉ ጩኸት ያስነሱት። ተመልሳ መጥታ መጀመሪያ እልል ያለችው ቲማቲሟን የደፋችው ሴት ናት። ከዚያ ገበያው በሙሉ እልልታውን ተቀበለ፤ ከውስጥ ይመለሳል፣ ከውጭ ይመለሳል። አጥሩ መሐል ቆሞ እንኳ አንድ ሠርግ ይመስል ነበር። አብዱልሃዲን ዘበኞቹ በትከሻቸው ተሸክመውት ወጡ። እያለቀሰ ይስቅ ነበር። የአባቦራ ልጆች በሚቀጥለው ቀን ሰንጋ ነድተው መጡና ግቢው ውስጥ ታረደ፤ ኮማንደሩ ሥጋውን እስከ በር ጠባቂው ድረስ አዳረሱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። የከተማው ወላጆች ልጆቻቸውን በክረምት አብዱልሃዲ እንዲያስተምርላቸው ይለምኑታል። አንድ አባት ኮማንደሩን ልጄን ከታራሚዎቹ ጋር ያስገቡልኝ ማለቱ ከተማውን ለሳምንት አስቆታል። በሴቶቹ በኩልም ክፍል ተከፍቷል፤ ፊርዶስ የምትባል የባዮሎጂ መምህርት ታስተምራለች። እሷና አብዱልሃዲ ባለፈው ዓመት ተጋቡ።

ልዑልቃል በአመክሮ የተፈታ ቀን አሰንዳቦ በቀጥታ አልገባም። ሽማግሌዎች ቀድመው ወደ ወይዘሮ አልማዝ ሄደው ይምጣ ወይስ ይቅር ብለው ጠየቁ። ይምጣ አሉ። አብዱልሃዲም አብሮ ነበር። ልጁ ደጃፋቸው ላይ ተንበርክኮ ድንጋይ ተሸከመ። ወይዘሮ አልማዝ ወጥተው ፊቱ ቆሙ። አላቀፉትም፤ አልሰደቡትም። ድንጋዩን በእጃቸው ከጫንቃው አነሱለትና መሬት ላይ አስቀመጡት።

«የሁለት ሰው ነው የምትማረው» አሉት። «እንዳትወድቅ።»

አሁን ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሷል፤ ምህንድስና ነው። በየሴሚስተሩ እረፍት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው አልማዝ ጋ ነው፤ ውጤቱን ይነግራቸዋል፣ የሚነሳ ጆንያ ካለ ይሸከምላቸዋል። አብዱልሃዲ ደግሞ ትናንት ጠዋት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ፈገግ ብሎ ኮማንደሩ ሁለተኛውን መጋዘን እንደሰጡት፣ አዲስ የተመዘገበው ታራሚ አንድ ክፍል እንደማይበቃው ነገረኝ። ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሄደ።